ሰም የሚበላው ወገን፦ ስለ ጋሌሪያ አመዳደብና ስለ ሰም ቤቶቻችን አሠራር
(በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




አንድ መሐንዲስ በዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ድልድይና ስለ ውኃ መስመር በመናገር ፈንታ ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ልናገር ቢል አድማጩ ቢገረም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጎተራ የሚሠራ ሰው ጎተራውን የሚሠራው ለእህሉ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ከአይጥ፣ ከነቀዝና ከእርጥበት ጋር ለሚያደርገው ሙግት ጭምር ነው። ባላጋራውን የማያውቅ ግንበኛ ግድግዳውን የቱንም ያህል ቢያወፍር ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በአካባቢያችን የሚገኙ የንብ አናቢዎች ማኅበራት የሰምና የባዶ እንጀራ ማከማቻ ቤት ንድፍ እንድናወጣላቸው መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ፣ የእኛም ሙያ ከዚህች ፍጥረት ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል።

ይህች ፍጥረት በሊቃውንት መዝገብ ጋሌሪያ ሜሎኔላ ትባላለች። ገበሬው ግን ይበልጥ የሚያውቀው ልጇን ነው፤ «የሰም ትል» ይለዋል። ዛሬ በሦስት ነገሮች ላይ ለመናገር አስባለሁ። አንደኛ፣ ይህች እራት በፍጥረታት አመዳደብ ውስጥ ቦታዋ የት ነው? ሁለተኛ፣ አንድ ዝርያ ብቻ አላት ተብላ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የቆየችው ወገን በቅርቡ እንዴት ሁለት ሆነች? ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ሰም ቤት ለሚሠራው መሐንዲስና ማር ለሚቆርጠው ገበሬ ምን ፋይዳ አለው? በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

በቅድሚያ ስለ አመዳደብ ሥርዓት ጥቂት ልበል። በአገራችን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ለፍጥረታት ያወጣው ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ የዝርያው። ልዩነቱ የእኛ ስም ከልጅ ወደ አባት ሲሄድ የእነርሱ ከአባት ወደ ልጅ መውረዱ ነው። ጋሌሪያ የወገን ስም ነው፤ ሜሎኔላ የዝርያ ስም ነው። ወገኖች ተሰብስበው አስተኔን ያቆማሉ፤ አስተኔዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ወዳለው ክፍል ይገባሉ። ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ሁሉ ክንፋቸው በቅርፊት ዱቄት የተሸፈነ በመሆኑ በአንድ ታላቅ ክፍል ተጠቃለዋል።

ከዚህ ታላቅ ክፍል ውስጥ «ባለ አፍንጫ እራቶች» ተብለው የሚታወቁ አሉ። ከአፋቸው ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ዳሳሾች በብዙዎቹ ዘንድ ወደ ፊት ተሰልፈው አፍንጫ ስለሚመስሉ ይህን ስም አግኝተዋል። እስከ ዛሬ የተገለጹት ዝርያዎቻቸው ወደ 16,000 ይጠጋሉ። ሆኖም ሊቃውንት ለአመዳደብ የሚታመኑበት ምልክት አፍንጫቸው ሳይሆን ጆሯቸው ነው፤ ጆሯቸውም የሚገኘው በሆዳቸው መነሻ፣ ከታች በኩል ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ዦኤል ሚኔ በ1980ዎቹ ዓመታት የዚህን ጆሮ አሠራር መሠረት አድርጎ ቀድሞ ብዙዎች እንደ አንድ አስተኔ ይቆጥሩት የነበረውን ጉባኤ ለሁለት እንዲከፈል አስረዳ። የጆሮው ሣጥን ዙሪያውን የተዘጋው ፒራሊዴ፣ ሣጥኑ በሰፊው የተከፈተውና ተጨማሪ መጋረጃ መሰል አካል ያለው ክራምቢዴ ተባለ። ይህም አከፋፈል ዛሬ በአብዛኛው ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያለው ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆው የበቆሎና የማሽላ ማሳ ውስጥ አገዳውን የሚቦረቡረው ኪሎ ፓርቴለስ የክራምቢዴ ልጅ ነው። በዱቄትና በእህል መጋዘን ድሩን የሚያደራው ፕሎዲያ ኢንተርፑንክቴላ የፒራሊዴ ልጅ ነው። በደጋውና በወይናደጋው በቆሎ ውስጥ የምናገኘው ሌላው አገዳ ቦርቧሪ ቡሴዮላ ፉስካ ግን ጥፋቱ ከኪሎ ጋር አንድ ቢመስልም ከባለ አፍንጫዎቹ ወገን አይደለም፤ ከሌላ አስተኔ የመጣ ነው። እንግዲህ በአንድ ማሳ፣ በአንድ አገዳ ውስጥ የሚገኙ ሁለት ትሎች እንኳ በትውልድ እጅግ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የጥፋት መመሳሰል የዘመድነት ማስረጃ አይሆንም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና በልቡናችሁ ያዙልኝ።

ጋሌሪያ በፒራሊዴ አስተኔ ውስጥ የራሷን ስም በያዘ ንኡስ አስተኔ ትመራለች። ታሪኳም እንዲህ ነው። ሊኔዎስ በ1758 ባሳተመው «የተፈጥሮ ሥርዓት» በተባለው መጽሐፉ አሥረኛ እትም ላይ ይህችን እራት ሜሎኔላ ብሎ ሰየማት። ስሙ በላቲን ማር ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። ያን ጊዜ ግን የነበረችው አብዛኞቹ በሌሊት የሚበሩ እራቶች በአንድነት በተቀመጡበት ፋሌና በተባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነበር። የእርሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ዴንማርካዊው ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲዩስ በ1798 ከዚያ አውጥቶ ጋሌሪያ የተባለውን ወገን አቆመላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመሐንዲስ የሚያስተምር ነው። አንዱ ሊቅ የሌላውን ጽሑፍ ሳያይ ወይም አይቶም ሳያምንበት ያችኑ እራት ደጋግሞ አጠመቃት። እንግሊዛዊው ሃዎርዝ በ1811 ከሰም ስም አንሥቶ ሴሪያ አላት። በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ፍራንሲስ ዎከር በ1866 ቪንዳና የሚባል አዲስ ወገን ሁሉ አቋቁሞላት ነበር። ንቦቻቸውን ይዘው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች እራቷንም ሳያውቁ አብረው ስለወሰዷት በየደረሰችበት አገር እንደ አዲስ እንግዳ ተቆጥራ አዲስ ስም መቀበሏ የሚያስደንቅ አይደለም። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ግን ቀዳሚው ስም ይጸናል ይላል፤ መነሻውንም ይኸው የ1758ቱ መጽሐፍ አድርጎታል። በዚህም መሠረት የኋለኞቹ ስሞች ሁሉ ወደ ተመሳሳይ ስሞች መዝገብ ወርደው ጋሌሪያ ሜሎኔላ ጸናች።

ስሞቹ ከተሰበሰቡ በኋላ በወገኑ ውስጥ የቀረችው ዝርያ አንዲት ብቻ ሆነች። ጋሌሪያ አንድ ልጅ ያለው ቤት ተብላ በየመጽሐፉ ተጻፈ። ሁለት መቶ ሃያ ዓመታት ያህል በዚሁ ጸንቶ ከቆየ በኋላ በ2020 የኮሪያ ተመራማሪዎች ከንብ ቀፎ ውስጥ ያገኟትን እራት ጋሌሪያ ሲሚሊስ ብለው ሁለተኛ ዝርያ አድርገው አወጡ። «ሲሚሊስ» ማለት «የምትመሳሰል» ማለት ነው፤ በእርግጥም ከእኅቷ ጋር እጅግ ትመሳሰላለች። የለዩዋትም በሁለት መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል የክንፏንና የመራቢያ አካሏን ቅርጽ በማጉያ መነጽር መርምረው፣ በሌላ በኩል የዘር ቅንጣቷን ጽሑፍ አንብበው ነው። ሁለቱ ምስክሮች ስለተስማሙ ፍርዱ ጸና።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ነገር በጥልቅ ባሕር ወይም ሰው ባልረገጠው ጫካ ውስጥ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን ነበር። የተደረገው ግን ሰው በየቀኑ ክዳኑን አንሥቶ በሚያየው የንብ ቀፎ ውስጥ ነው። እራቷ ተሰውራ አልነበረም፤ የተሰወረችው ስሟ አስቀድሞ የታወቀ ስለመሰለን ነው። በሙያችንም እንዲሁ ነው፤ «ይህ አፈር የታወቀ ነው» ተብሎ ያልተመረመረ መሠረት ነው ብዙ ጊዜ የሚሰምጠው።

በአገራችንም በዚሁ ቀፎ ውስጥ ተመሳሳይ ክርክር ተደርጓል። ክርክሩ ግን ስለ እራቷ ሳይሆን ስለ ንቧ ነው። ዶክተር አምሳሉ በዛብህና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2004 ባወጡት ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ንቦችን አካል በጥንቃቄ ለክተው በአገሪቱ አምስት ዓይነት የንብ ዘሮች እንዳሉ አስረዱ። በ2011 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ልኬቱን ከዘር ቅንጣት ምርመራ ጋር አስተያይተው የኢትዮጵያ ንቦች ሲሜንሲስ ተብለው በአንድ ስም ቢጠሩ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በአንዱ በኩል አንድ የነበረው ሁለት ሲሆን፣ በሌላው በኩል አምስት የነበሩት አንድ ይሁኑ ተባለ። ይህን የሚሰማ ሰው ሳይንስ ራሱን ይቃረናል ሊል ይችላል። እኔ በበኩሌ የምለው መለኪያው በጠራ ቁጥር መዝገቡ መታረሙ የሥርዓቱ ጤንነት ምልክት ነው ነው። መታረም የማይችል መዝገብ ከመዝገብነቱ ይልቅ ተረትነቱ ያመዝናል።

አሁን ከመጽሐፍ ወደ ቀፎ እንውረድ። አንድ ንብ አናቢ ቀፎውን ከፍቶ እንጀራው ተበልቶ ነጫጭ ትል ሲርመሰመስበት ቢያይ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። ሦስቱንም ገበሬው ብዙ ጊዜ «ትል» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል።

የመጀመሪያዋ ጋሌሪያ ሜሎኔላ ናት። ዕጯ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ታድጋለች፤ በእንጀራው መካከል እየሰረሰረች ትጓዛለች፤ ባለፈችበት መንገድ ሁሉ ነጭ ድር ታደራለች። በመጨረሻ ጠንካራ ሽፋን ጠምጥማ ሙሽሬ ለመሆን ስታርፍ የቀፎውን እንጨት እንደ ጀልባ ሆድ አድርጋ ትቦረቡራለች። ይህ የእንጨት ጉድጓድ የማይሳሳት ፊርማዋ ነው።

ሁለተኛዋ አክሮያ ግሪሴላ ናት። እርሷም ባለ አፍንጫ፣ እርሷም የዚያው ንኡስ አስተኔ ልጅ ናት፤ ወገኗ ግን ሌላ ነው። ወገኑም ጥቂት ዝርያዎች ያሉት ትንሽ ወገን ነው። ከጋሌሪያ ታንሳለች፤ ክንፏ ብርማ ግራጫ፣ ራሷ ብጫ ነው። በወገኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ክንፋቸው ሥር ባለ አካል እያንኳኩ የሰው ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ ሴቶቹን ይጠራሉ። ጥፋቷ ከጋሌሪያ የቀለለ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀፎ ከተገናኙም ትልቋ ታሸንፋለች።

ሦስተኛው ከእራት ወገን ጨርሶ አይደለም፤ ኤቲና ቱሚዳ የተባለው ትንሹ የቀፎ ጢንዚዛ ነው። የትውልድ አገሩ ከሰሐራ በታች ያለችው አፍሪካችን ናት። ዕጩ ነጭ ስለሆነና እንጀራ ውስጥ ስለሚገኝ ከሰም ትል ጋር ይምታታል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእራት ዕጭ ከራሷ አጠገብ ካሉት ሦስት ጥንድ እግሮች ሌላ በሆዷ በኩል አጫጭር የሥጋ እግሮች አሏት፤ የጢንዚዛው ዕጭ ግን ከፊተኞቹ ሦስት ጥንድ በስተቀር እግር የለውም፤ ጀርባውም ላይ በተራ የተሰለፈ እሾህ አለበት። ድር አያደራም፤ ማሩን ግን አበላሽቶ እንዲያረፋና እንዲፈስ ያደርገዋል።

ይህን መለየት ገንዘብ ነው። የጢንዚዛው ዕጭ ሙሽሬ ለመሆን ከቀፎ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ውጊያው ከቀፎው በታች ባለው መሬት ላይ ነው። የእራቷ ዕጭ ግን በእንጨቱና በሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ትቀራለች፤ ስለዚህ ውጊያው በማከማቻው ውስጥ ነው። ለሰም እራት የተዘጋጀው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ረቂቅ ሕዋስ የእራት ዕጭን አንጀት የሚመርዝ ስለሆነ ለጢንዚዛው ቢረጩት ገንዘብ ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ነው። ቅድም በልቡናችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ ይህ ነበር፤ ጥፋቱ ይመሳሰላል፤ መድኃኒቱ ግን አይመሳሰልም። መድኃኒቱን የሚወስነው ዝምድናው ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ያህል ይከብዳል? አገራችን በማር ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ፣ በሰም ምርትም በዓለም ከሚታወቁት አንዷ ናት። የሰም ምርታችን ታላቁ ምንጭ ገበሬው በቀጥታ የሚያቀርበው ሰም አይደለም፤ ከጠጅ ቤቶችና ከጠጅ ጣዮች የሚሰበሰበው ሰፈፍ ነው። ከዚያ ሰፈፍ ነው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆነውም፣ ተጣርቶ ወደ ውጭ የሚላከውም፣ ለዘመናዊ ቀፎ የሚታተመውም ሰም የሚወጣው። ሰፈፉ በየጓዳው ጥግ ሳይቀልጥ ወራት ሲቀመጥ እራቷ ድግስ ተዘጋጀላት ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። አባቶቻችን ከግንድ፣ ከቀርከሃና ከሐረግ በሠሩት፣ በጭቃና በእበት በለሰኑት ቀፎ ማር ሲቆርጡ እንጀራውን ከነማሩ ያወጡታል፤ ባዶ እንጀራ የሚያከማች ሰው አልነበረም። በ1960ዎቹ ዓመታት ከሆለታ የንብ ጣቢያ መስፋፋት የጀመረው ባለ ተንቀሳቃሽ ፍሬም ቀፎ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ማሩ በመጣሪያ መሣሪያ ከተጨመቀ በኋላ እንጀራው ሳይፈርስ ለንቦቹ ይመለሳል፤ አበባ እስኪመጣም ባዶው እንጀራ በመጋዘን ይቀመጣል። ንቦቹ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ብዙ ኪሎ ማር ስለሚፈጁ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ ከንብ ጥበቃ ውጭ የሆነ የእንጀራ ክምችት ፈጥረናል። ብርቱ የንብ መንጋ እራቷን ራሱ ይከላከላታል፤ ዕጮቿን እየጎተተ ያወጣል። መጋዘን ግን ንብ የለውም። ስለዚህ ቀፎውን አዘምነን መጋዘኑን ሳናዘምን ከቀረን ለእራቷ ቤት ሠራንላት ማለት ነው።

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ይህንኑ በዓይኔ ተመልክቻለሁ። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ አንድ ብቻ፣ በሩም ሁልጊዜ ዝግ ነበር። ፍሬሞቹ አየር እንዳይገባቸው ተደርገው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የሠራው ሰው ለእህል ጎተራ የሚሆነውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጓል። ጨለማ፣ ሙቀትና የማይንቀሳቀስ አየር ግን እራቷ የምትሻቸው ሦስቱ ነገሮች ናቸው። ከፍሬሞቹ ብዙዎቹ እንደ ጥጥ በድር ተሸፍነው ነበር።

ስለ አሠራሩ የሚከተሉትን ነጥቦች ላቅርብ።

አንደኛው ሙቀት ነው። የእራቷ እንቁላል ከ29 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቅዝቃዜ በጨመረ ቁጥር ግን ይህ ጊዜ ወደ ሳምንታት ይረዝማል። ዕጮቹ ሲበዙ ደግሞ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ፤ የተከማቹበት ቦታ ከአካባቢው አየር በእጅጉ ይሞቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ሐዋሳ የቀኑ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ለእራቷ ይስማማል። በደጋ የተሳካ የመጋዘን ንድፍ በስምጥ ሸለቆ ላይሳካ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው አየርና ብርሃን ነው። ፍሬሞች በፍሬምና በፍሬም መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተትቶላቸው፣ ነፋስ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በሚያልፍበት፣ ብርሃን በሚደርስበት ክፍት መደርደሪያ ላይ ሊሰቀሉ ይገባል። መስኮቶቹ ለእራቷ ማለፊያ በማይሆን ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ መሸፈን አለባቸው። ለእህል ጎተራ በጎ የሆነው መዘጋጋት ለእንጀራ ጎጂ መሆኑን አስምራችሁ ያዙልኝ።

ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። ማቀዝቀዣ ባለበት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ተኩል፣ 12 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት፣ 15 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ቢቆይ እንቁላሉም ዕጩም ይሞታል። ይህ ጊዜ የሚቆጠረው ግን የእንጀራው መሐል ራሱ ወደዚያ ቅዝቃዜ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ፍሬም በአንድ ጊዜ የሚከት ሰው ሰዓቱን ማስረዘም አለበት። በሙቀት መግደልም ይቻላል፤ 46 ዲግሪ ላይ 80 ደቂቃ፣ 49 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ይበቃል። ንጹሕ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ከዚያ አስቀድሞ ይለሰልሳልና ማር ያለበትን እንጀራ በዚህ መንገድ ማሞቅ አይገባም።

አራተኛው ጢስ ነው። የድኝ ጢስ በባዶ መጋዘን ውስጥ ዕጩንና እራቷን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ጠብቆ መድገም ግድ ነው። በልብስ ሣጥን የሚቀመጠው ናፍታሊን ግን ከቶ ወደ ሰም ቤት መግባት የለበትም፤ ሰም እንዲህ ያለውን ነገር መጥጦ ስለሚይዝ ወደ ማሩ ያስተላልፈዋል፤ የውጭ ገበያችንንም ያበላሻል።

አምስተኛውና ከሁሉ የቀለለው ማቅለጥ ነው። እራቷ «ሰም በሊ» ትባል እንጂ በንጹሕ ሰም ብቻ ሙሉ አካለ መጠን ለመድረስ አትችልም። የሚያሳድጋት በአሮጌና በጠቆረ እንጀራ ውስጥ ያለው የአበባ ዱቄትና ከንብ ዕጮች የወለቀው ገለፈት ነው። ስለዚህ ሰፈፉና አሮጌው እንጀራ ሳይውል ሳያድር ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ በጡብ መልክ ቢቀመጥ ከመጋዘኑ ችግር አብዛኛው ይወገዳል። ይህንን ምንም ዓይነት የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው የምለው።

ስለ ጋሌሪያ ሲነሣ በጊዜያችን ሳይጠቀሱ የማይታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መስማቷ ነው። በስኮትላንድ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት የዚህች እራት ጆሮ በሰከንድ እስከ 300,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። የሰው ጆሮ ከ20,000 አያልፍም። ሚኔ ለአመዳደብ የተጠቀመበት ያ በሆድ ላይ ያለ ጆሮ፣ ዛሬ ጥቃቅን ድምፅ መቀበያ ለሚሠሩ መሐንዲሶች ምሳሌ ሆኗል።

ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው። በ2017 በስፔን ትሠራ የነበረችው ፌዴሪካ ቤርቶኪኒና ባልደረቦቿ የሰም ትል ፌስታል እንደሚቀድድና እንደሚለውጥ ገለጹ፤ በ2022 ደግሞ ሥራውን የሚሠሩት በምራቋ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውን አሳዩ። በመጀመሪያው ጥናት ማስረጃ ላይ ሌሎች ሊቃውንት ወዲያው ጥያቄ ማንሣታቸውም መነገር አለበት። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚከማቸውን ፌስታል የሚያይ ሰው «እንግዲያው ትሉን እናርባ» ማለቱ አይቀርም። እስቲ እናስላው። በሙከራው አንድ መቶ ያህል ትሎች በ12 ሰዓት 92 ሚሊ ግራም አጎደሉ። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ፌስታል በዚህ ሒሳብ መቶ ትሎችን 16 ቀን ያህል ያደክማል። በአንጻሩ የአንድ ቀፎ እንጀራ ለማጥፋት ጥቂት ሳምንታት ይበቋቸዋል። ስለዚህ ተስፋው ያለው በምራቋ ኬሚስትሪ ላይ እንጂ ትሉን በማር አገር መካከል በማርባት ላይ አይደለም። ፌስታሉን መሰብሰብ የእኛ የሰዎች ሥራ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሰምና የእንጀራ ማከማቻ ቤት መለኪያ ንድፍ ለቆላ፣ ለወይናደጋና ለደጋ ለየብቻው ተዘጋጅቶ ለገበሬ ማኅበራት በነጻ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የግብርና ትምህርት በ1976 በተጀመረበት በዚህች ከተማ፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር ሆነን ከየወረዳው የሚሰበሰቡ እራቶች የቦታቸው፣ የከፍታቸውና የቀናቸው ጽሑፍ ተያይዞላቸው የሚቀመጡበት ስብስብ ይቋቋም። ከኮሪያው ግኝት በኋላ «የታወቀች ናት» ብሎ ማለፍ ለማንም አገር አይበቃም፤ ብዙ ዓይነት ንብ ያላት አገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ መመርመር ይገባታል። ሦስተኛ፣ ጋሌሪያን፣ አክሮያንና ጢንዚዛውን በሥዕል የሚለይ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም የአካባቢው ቋንቋዎች ታትሞ በየማር መሰብሰቢያው ይለጠፍ። የትሉን እግር መቁጠር የሚችል ገበሬ የተሳሳተ መድኃኒት አይገዛም።

የአገራችን ባለቅኔ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ይፈልጋል። የብረት አቅላጩም ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቅ ያፈስሳል። ለንብ አናቢው ግን ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው፤ የልጁ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ ከዚያ ነው የሚወጣው። ያንን ወርቅ የሚሸረሽረውን በስሙ ጠርቶ፣ ዘመዱን አውቆ፣ ለጠባዩ በሚስማማ ግድግዳ መከላከል የባለሙያ ግዴታችን ነው እላለሁ።